የጳጉሜን ዲስክ

ደሳለውን "ዝንጉ ነው" ብሎ የሚያማ ሰው ቢመጣ፣ አምና ቢሆን ቀድሜ የምጣላው እኔ ነበርኩ። ኧረ ዝንጉነት እሱ ጋ ከየት መጥቶ! ቢሮ ቆልፎ ደረጃ ከወረደ በኋላ ተመልሶ ቁልፉን የሚያናውጥ፣ ባጃጅ ውስጥ ከገባ በኋላ እንኳ "ቆይ አንዴ" ብሎ የሚወርድ ሰው ነው። "አንተ ልጅ፣ በሩ ሚስትህ አይደለችም፤ አትኮበልልብህም" ስለው ይስቅና ሄዶ ይነካካዋል። ደግሞ ብርድ ፈሪ ነው። እኛ የደብረ ታቦርን ብርድ በአንድ ሹራብ ስንችለው፣ እሱ ጃኬት በጃኬት ላይ ደርቦ ኮምፒውተሩ ፊት እንደ ተቋጠረ ስልቻ ይቀመጣል።

የተወለደው ከጣራ ገዳም ግርጌ ካለች መንደር ነው። አባት እናቱ አራሾች ናቸው። ትምህርት ቀንቶት ኮምፒውተር ተማረ፤ አዲስ አበባ እሄዳለሁ ሲል ሲል እኛ ቢሮ ገብቶ ቀረ። እናቱ ለገበያ በወጡ ቁጥር ይደውሉለታል። አንድ ቀን "ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?" ብለው ቢያስጨንቁት፣ "የሰው ድምፅ እጠብቃለሁ" አላቸው። "እንደ ማሳ ጠባቂ?" "አዎ እማ፣ እንደሱ።" "እንግዲያስ ዝንጀሮ እንዳይገባብህ!" አሉት። ይህን ሲነግረን ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

እውነታቸውን ነው፤ ጠባቂ ነው። የምንሠራበት "ጉና የድምፅ ማኅደር" ትንሽ ድርጅት ናት። እኔ ሠናይት መቅረጫ ይዤ ገጠር ለገጠር እዞራለሁ፤ ሽማግሌውና አሮጊቷ የሚያውቁትን ተረት፣ የሠርግ ዘፈን፣ የድሮ ገበያ ወግ እቀርጻለሁ። ደሳለው ድምፁን ተቀብሎ ያስቀምጣል። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተስፋነህ ደግሞ ይፈርማሉ። በቃ፣ ይኸው ነን።

ደሳለው የሚያስቀምጠው ግን ቢሯችን ውስጥ ባለው ኮምፒውተር አይደለም። እዚህ መብራት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፤ ዕቃ ያቃጥላል። ስለዚህ ባሕር ማዶ ካለ ድርጅት ኮምፒውተር ተከራይተናል። ያንን ኮምፒውተር ከኛ መካከል በዓይኑ ያየው የለም፤ በስም አለ፣ በአካል የለም፣ ቨርቹዋል ማሽን ነው የሚሉት። ቦታውን ደግሞ ክላውድ፣ ደመና ይሉታል። "ደመና ፍለጋ ከደብረ ታቦር ወጥቶ ኪራይ! ጉና ተራራ ላይ የተኛው አልበቃ ብሎ ነው?" ብዬ አሹፌበታለሁ። ደሳለው አይቆጣም። "እትዬ ሠናይት፣ ማሽኑን እንደ ቤት ቁጠሪው። ዲስኮቹ ጎተራዎቹ ናቸው" አለኝ። ለየወሩ አንድ ጎተራ ከፍቶ የወሩን ስም ይጽፍበታል። የመስከረሙ ድምፅ መስከረም ውስጥ፣ የጥቅምቱ ጥቅምት ውስጥ ይገባል። ይቺን እንኳ ገብቶኛል።

አሁን የእትዬ ሩቅያን ነገር ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ጳጉሜን፣ የሩፋኤል ማግሥት፣ ይፋግ ሄድኩ። እትዬ ሩቅያ የይፋግን የድሮ ገበያ ወሬ ከእናታቸው የሰሙ፣ ነጋዴው በአህያና በበቅሎ ሲመጣ ሴቶቹ ፈትል እየፈተሉ የሚሉትን ዜማ የሚያውቁ ሙስሊም እናት ነበሩ። ሳል ይዟቸው ነበር፤ ያም ሆኖ ሲያወሩ ውለው አልደከሙም። ስንጨርስ መቅረጫውን በጣታቸው አሳዩኝ።

"ይኼ ነገር፣ እኔ ብቻዬን ባወራም ይይዘዋል?"

"ይይዛል እትዬ።"

"እንግዲያ አስነሺውና አንቺ ወጣ በይልኝ። ለልጄ ለዙለይካ የምላት አለኝ። ከዓረብ አገር ስትመጣ ስጪልኝ። ለሌላ ጆሮ አይደለም። አማና ነው።"

አማና ማለት አደራ ነው። አስነስቼው ወጣሁና ጣራው ጠርዝ ሥር ቆምኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ድምፃቸው ከፍ ሲል ዝቅ ሲል ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ለመለየትም አልሞከርኩም። ሲጨርሱ በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፣ ፊታቸው ግን ቀለል ያለው ሰው ፊት ነበር። አለቀሱ ይሁን ረገሙ እንጃ።

ደብረ ታቦር ስመለስ መቅረጫውን ለደሳለው ሰጠሁት። "ይቺን የመጨረሻዋን እንዳትሰማት፤ ለልጃቸው ብቻ ነው ብለዋል" አልኩት። አልሰማትም። እንዳትሰማ የተባለውን የሚሰማ ሰው አይደለም፣ ይህን እመሰክርለታለሁ። ጳጉሜን ብሎ በሰየመው ዲስክ ውስጥ አስገባትና "ገብቷል" አለኝ። እሱ ገብቷል ካለ እኔ የመቅረጫውን ካርድ አጥፍቼ ለሚቀጥለው ጉዞ አዘጋጃለሁ፤ ልማዳችን ነው። አጠፋሁት። እትዬ ሩቅያ በጥቅምት ዐረፉ።

በየካቲት ከባሕር ማዶው ድርጅት መልእክት መጣ። የድሮው ዲስክ ዓይነት ሊዘጋ ስለሆነ ያላችሁን ወደ አዲሱ ዓይነት አዛውሩ የሚል ነው። ሌላ አገር ቢሆን ሰውየው ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ያዛውረዋል። እኛ ጋ ኔትወርክ እንደ እንግዳ ነው፤ ብቅ ይላል፣ ሳይቀመጥ ይሄዳል። ስለዚህ ደሳለው ስክሪፕት ልጻፍ አለ። ስክሪፕት ማለት ትእዛዝ በተራ የተጻፈበት ነገር ነው። "የመስከረምን ዲስክ ቅጂ አንሣ፤ ከቅጂው አዲስ ዲስክ ሥራ፤ አዲሱን ማሽኑ ላይ ግጠም፤ እኩል መሆኑን አረጋግጥ፤ ወደ ጥቅምት እለፍ።" ኔትወርክ ሲጠፋ ይቆማል፤ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሰው እንቅልፉን ሊተኛ ይችላል።

ሲጽፈው አየሁት። ሰውነቱ ሁሉ ጣቱ ውስጥ ገብቶ! አንዱን መስመር ይጽፋል፣ ያነበዋል፣ ያጠፋዋል፣ ደግሞ ይጽፈዋል። ምሳ ሲባል "ቆይ አንዴ" ይላል። መጀመሪያ የማይረባ ዲስክ ላይ ሞከረው፤ ሠራ። ከዚያ እውነተኞቹ ላይ ለቀቀው። እንዳለቀ "ከአሥራ ሁለት አሥራ ሁለት" የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ መጣ። ጠራኝና አሳየኝ፤ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ ነበር። እኔም ደስታው ደስ ብሎኝ እልል አልኩለት። እዚያው በፊቴ የድሮውን ማከማቻ እንዲዘጉት አዘዘ። "ከተዘጋ በኋላ ለተወሰነ ቀን ያቆዩታል፣ ስሕተት ካለ ይመልሱልናል" አለ። ጠንቃቃ ነው አላልኳችሁም? በማግሥቱ የከተማው ኔትወርክ ጠፋ፤ ሲመለስ ያ የተወሰነ ቀን አልፎ ነበር። ግን ማን ልብ አለው? ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነበር።

ግንቦት ላይ ዙለይካ መጣች።

ከኩዌት ከተመለሰች ገና ነው። መናኸሪያው አጠገብ ቁርስ ቤት ከፍታለች። ሻርፗን አስተካክላ በሩ ላይ ቆመችና "የይፋጓ የሩቅያ ልጅ ነኝ" አለች። እኔ ዘልዬ ተነሣሁ፤ አቀፍኳት። ስጠብቃት የነበረች ልጅ ናት እኮ! ደሳለው ወንበር ሳበላት። ተቀመጠችና ሳንጠይቃት ነገረችን።

"እማዬ ሳታውቅ ነው የሄድኩት። ፓስፖርቴን ደብቄ አወጣሁ፤ ወረታ ደርሼ ደወልኩላት። ከዚያ በኋላ ስደውል 'ደኅና ነሽ?' ትለኝና ስልኩን ለአክስቴ ትሰጣታለች። አፉ በይኝ ስላት፣ 'ስትመጪ' ትለኛለች።" ሙስሊሞቹ ይቅር በይኝ ለማለት አፉ በይኝ ነው የሚሉት። "ስመጣ አጣኋት። ጎረቤታችን ናት ድምፅ ትታልሻለች ያለችኝ። አፉ ብላኝ ይሁን ረግማኝ፣ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ርግማንም ቢሆን ወላሂ ልስማው። ሳላውቅ መኖር ነው ያቃተኝ።"

"ርግማን አይሆንም" አልኳት፤ ከየት አምጥቼ እንደሆነ እንጃ።

ደሳለው ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ይፈልግ ጀመር። ጣቱ ሲፈጥን፣ ከዚያ ሲዘገይ፣ ከዚያ ሲቆም አየሁ። ያን ሁሉ ጃኬት ለብሶ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ አንገቱን ሳያዞር ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ሲስተም የለም።"

አይ እቺ ቃል! በየቢሮው ስንቱን ሰው መለሰች! ዙለይካ ግን አልከፋትም። "ችግር የለም ወንድሜ፤ ሌላ ቀን እመጣለሁ። እስካሁን የጠበቀ ይጠብቃል" ብላ አመስግና ወጣች።

በሩ እንደተዘጋ፣ "አንተ! እኔ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ የምን ሲስተም የለም ነው?" አልኩት።

በጣቱ ስክሪኑን አሳየኝ። የወሮቹ ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። መስከረም ብሎ ይጀምርና ነሐሴ ላይ ያልቃል። ከነሐሴ በታች ባዶ ነው።

"ጳጉሜንስ?" አልኩት።

"ስክሪፕቱ ውስጥ አልጻፍኳትም" አለ።

ቱግ አልኩ። አልዋሽም፤ የምለውን አላውቅም ነበር። "የአሥራ ሦስት ወር አገር ልጅ! የአራሽ ልጅ! ጳጉሜንን የሚረሳ ሐበሻ አለ? ፈረንጅ ቢረሳት እሺ፤ እናትህ ቢሰሙ ምን ይላሉ?" ጮኽኩበት። አልተከላከለም። ወሮቹን ራሱ በእጁ ነው የጻፋቸው፣ ከማንም አልገለበጠም። "ወር ስል ደመወዝ የሚገባበት ነው የመጣልኝ" አለኝ፤ "ደመወዝ አሥራ ሁለት፣ የቤት ኪራይ አሥራ ሁለት፣ ሪፖርት አሥራ ሁለት። አባቴ ቢሆን አይረሳትም ነበር። ቢሮ ነው ያስረሳኝ።" ይህን ሲል ደነገጥኩ። እኔም አረንጓዴውን አሥራ ሁለት አይቼ እልል ያልኩት ወር አሥራ ሁለት ነው ብዬ አይደል? ከደሙ ንጹሕ ነኝ ልል አልችልም።

"አረጋግጧል አላልክም እንዴ?"

"ያዘዝኩትን አረጋገጠ። ያላዘዝኩትን ከየት ያውቃል?"

ያንኑ ዕለት ለባሕር ማዶው ድርጅት ጻፈ፣ ለመነ፣ ደግሞ ጻፈ። መልሱ ጨዋ ነው፤ የማቆያው ጊዜ ስላለፈ መመለስ አይቻልም፣ ለተፈጠረው ችግር እናዝናለን። እዚያ ዲስክ ላይ የነበሩትን የሌሎቹን ሰዎች ሄጄ ደግሜ እቀርጻለሁ፤ በሕይወት አሉ። እትዬ ሩቅያን ከየት ላምጣ?

አቶ ተስፋነህ ነገሩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "በቴክኒክ ምክንያት ተበላሽቷል በሏት። ጳጉሜን ተረሳ ምናምን እያላችሁ የድርጅቱን ስም እንዳታስጠፉ" አሉ። ደሳለው እሺም እምቢም አላለም። እሱ ከዝምታው ጋር ወደ ክፍሉ ሄደ፤ እኔም ከንዴቴ ጋር ወደ ክፍሌ።

ዙለይካ ግን መምጣቷን አልተወችም። ስትመጣ ባዶ እጇን አይደለም፤ በፌስታል ሳምቡሳ ይዛ ነው። "ለናንተ ነው፤ ብርድ ላይ ስትለፉ ትውላላችሁ" ትላለች። "ሲስተሙስ?" ስትል ደሳለው "እየሞከርን ነው" ይላል። አንድ ረቡዕ ሳምቡሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ "ዛሬ ጾምህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የምስር ነው፣ በዘይት ነው የጠበስኩት፣ ሥጋ የነካ ድስት አልነካውም" አለችው። እንዲህ ተጠንቅቃለት! ደሳለው አንዷን አንሥቶ አፉ ውስጥ አደረገና መዋጥ አቃተው። ዓይኑ እንባ ሞላ። "ቃሪያው በዛ እንዴ?" አለችው ደንግጣ። "አዎ፣ ቃሪያው ነው" አለ። ወጥቼ ላልቅስ ወይስ እዚሁ ጆሮ ግንዱን ላጩለው? ሁለቱም አማረኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ከሳ። በር ሲቆልፍ መመለሱንም ተወው፤ እንዲያውም አንድ ቀን ሳይቆልፍ ሄዶ አገኘሁት። በእግዜር፣ ከምንም በላይ ያ አስፈራኝ። "ምን ልቆልፍ?" አለኝ። ስክሪፕቱን ከፍቶ ያቺን መስመር ሲያያት ይውላል። ነሐሴ ከሚለው በኋላ ያለችውን ክፍት ቦታ። አንድ ቃል የምትበቃት ቦታ ናት። "ያቺ ድምፅ ስንት እንደምትመዝን ከመዝገቡ አውቃለሁ፣ እትዬ ሠናይት" አለኝ፤ "ድምፅዋ ስንት ደቂቃ እንደሆነች፣ በስንት ሰዓት እንደገባች፣ በስንት ሰዓት እንደጠፋች አውቃለሁ። ውስጧ ምን እንዳለ ግን አንድ ቃል አላውቅም።"

ለንስሐ አባቱ ሊናገር ሄደ። ቄሱ እስከ መጨረሻው ሰሙትና፣ "እኔ ጋ ምን አመጣህ ልጄ? ያጠፋኸው እዚያች ልጅ ቤት ነው። መጀመሪያ ለእሷ ንገራት፣ ከዚያ ወደ እኔ ትመጣለህ" ብለው መለሱት። እሰይ፣ አበጁ! እኔ ስለው አልሰማ ብሎኝ ነበር።

ግን ብቻውን መሄድ አልቻለም። ጧት ቢሮ ሳንገባ መናኸሪያው ጋ ቆሞ ጠበቀኝ። "አብረሽኝ ግቢ" አለኝ። ገባን። ዙለይካ ሽሮዋን እያማሰለች "ኧረ ግቡ ግቡ፣ ዛሬ ከየት ወጣችሁ!" አለች። ሁለት ሹፌሮች ጥግ ላይ ፉል ይበላሉ። ደሳለው አልተቀመጠም።

"ዙለይካ፣ ሲስተሙ አለ። መጀመሪያም ነበረ። የእናትሽን ድምፅ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

ማማሰያዋን ያዘች፣ አላስቀመጠችውም። እሱ ቀጠለ። ዲስኩን፣ ስክሪፕቱን፣ ጳጉሜንን፣ አንዱንም ሳያስቀር ነገራት። "ቴክኒክ ነው በላት ተብዬ ነበር። ቴክኒክ አይደለም። ረስቼ ነው። ደግሞ ከዚያ በኋላ እያወቅሁ ዋሸሁሽ።"

"አንተስ ሰምተኸዋል?" አለች ዙለይካ። ድምፅዋ ወርዷል።

"አልሰማሁም። እንዳትሰማ ተባልኩ።"

"አንቺስ፣ እትዬ ሠናይት?"

"ዝናብ ነበር እናቴ፤ አልሰማሁም" አልኳት። ይህን ከማለት ምላሴ ቢቆረጥ በወደድኩ።

ሽሮው ገንፍሎ ወጣ። ማንም አላወረደውም፤ ከሹፌሮቹ አንዱ ተነሥቶ እሳቱን አጠፋላት። እሷ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል ቆየች። አለመጮኋ ነው የገደለኝ። ብትጮኽ፣ ብትሰድበን፣ ያን ትኩስ ሽሮ ብትደፋብን እንኳ ይሻል ነበር።

ደሳለው ዝቅ አለ፤ ጉልበቷን ሊይዝ ነበር። "አፉ በይኝ" አላት። የእሷን ቃል ነው የተጠቀመው።

"ተነሥ" አለችው። "እኔ አፉ ልልህ አልችልም።"

"እሺ" አለ፤ ቆመ።

"ጠልቼህ አይደለም። ቃሉ የኔ አልነበረም፣ የእሷ ነው። ያጠፋኸው የእሷን ነው። እኔ በማላውቀው ነገር እንዴት አፉ እላለሁ? ይፋግ ሄደህ እሷን ለምናት።" ቀጥላም፣ "ስትለምናት የኔንም ጨምርልኝ" አለችው። "ከመጣሁ ጀምሮ መቃብሩ አጥር ድረስ እየሄድኩ ነው የምመለሰው። ሴት መቃብር አትሄድም እያልኩ ነው ለሰው የምነግረው፤ እውነቱን ለናንተ ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነው። ሙት ይሰማል አይሰማም፣ እሱን ሸኹ ያውቃሉ።"

እሑድ ሦስታችን በሚኒባስ ወረድን። ወረታ ላይ መኪና ቀይረን በጎንደር መንገድ ይፋግ ገባን። መንገዱን ሁሉ ደሳለው በመስኮት እያየ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚለውን እያጠና ነበር፤ አውቄበታለሁ።

መቃብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ዙሪያው ቁልቋል ነው። ዙለይካ አጥሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። "ያ ከግራሩ ሥር ያለው ነው፣ ድንጋዩ ነጣ ያለው" ብላ በጣቷ አሳየችው። ደሳለው ጫማውን አወለቀ። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ነው እንጂ እዚያ እንደዚያ አይደረግም፤ ዙለይካም አየችው፣ አልከለከለችውም። ጭቃውን በባዶ እግሩ እየረገጠ ሄደ። እኛ ከአጥሩ ውጭ ቀረን።

ድንጋዩ አጠገብ ሲደርስ እጁን አጣጥፎ ጎንበስ አለ፤ ለትልቅ ሰው እንደምንጎነበሰው ነው። የሚለው አይሰማንም። ረዘም ያለ ጊዜ ቆመ። ዙለይካ ቁልቋሉን ተጠግታ እጄን ይዛ ነበር። አሁን ማን ለማን እንደሚፈርድ ግራ ገባኝ። የምትወዳትን እናት ቃል ያጣች ልጅ ናት፣ ያሳጣትን ሰው አማላጅ አድርጋ የላከችው።

ተመለሰ። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነበር።

"ነገርካት?" አለችው ዙለይካ።

"ነገርኳቸው። ልጅዎ መጥታለች፤ ቃልዎን ልትሰማ መጥታ እኔ አጥፍቼባታለሁ፤ በፈጠረዎት፣ አፉ ይበሏት አልኳቸው።"

"የራስህንስ?"

መሬት መሬት አየ። "አልጠየቅኳቸውም።"

"ምን ማለት ነው አልጠየቅኳቸውም!" አልኩ እኔ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ! "ምን ልታደርግ ነው የወረድክ?"

"ሁለት ነገር ከለመንኳቸው አንዱን ብቻ የሚሰጡኝ መሰለኝ" አለ።

ዙለይካ እጄን ለቀቀችው። እስከዚያ ድረስ እንባዋን አላየሁትም ነበር፤ አሁን ጉንጯ ላይ ወረደ፣ አልጠረገችውም። ሻርፗን ከአገጯ ሥር አጠበቀች።

"ቆይ" አለችው። "ያንተን እኔ እለምንልሃለሁ።"

አጥሩን አልፋ ገባች።

"እትዬ ሠናይት፣ ተይ በያት፤ የእኔ ይቅር" አለኝ ደሳለው፣ ጫማውን በእጁ እንደያዘ።

"አንተ ዝም በል" አልኩት።

ዙለይካ ግራሩ ሥር ደርሳ ነበር። ድንጋዩ አጠገብ ተንበረከከች፤ እሷም የምትለው አልተሰማንም።